ጫፍ ደርሶ የወረደው ባንዲራ

ሻለቃ ባሻ ወልደ ጻድቅ ከባንዲራው ምሰሶ ሥር ተደፍተው የተገኙት በአንድ የኅዳር ማለዳ ነበር። ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነጥቷል። መጀመሪያ ያያቸው በዓሉ የሚከበርበት ግቢ ዘበኛ ወዳጆ ነው። «ሰው ድረሱ! ባሻ ወድቀዋል!» እያለ ወደ መንገዱ ሲሮጥ፣ ጩኸቱ ኢንስፔክተር ጌታነሽ ባምላኩን ካደረችበት አልጋ ቤት አስወጣት።

ጌታነሽ ከደብረ ብርሃን የመጣችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት የወደቁ የጥድ አፋፍ ልጆች በዚያ ቀን በይፋ ይታሰባሉ፤ ወላጆቻቸው የታጠፈ ባንዲራ ይቀበላሉ፤ እንግዶችም ከሩቅ ይመጣሉ። እርሷ ጸጥታውን እንድትከታተል ነበር የታዘዘችው። ጥድ አፋፍ ከዘመሮ ወዲያ በገደል ጫፍ የተቀመጠች፣ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅባት ትንሽ ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ቦታ ለመርማሪ ቀላል ይመስላል። ጌታነሽ ግን ከልምዷ የምታውቀው ሌላ ነው፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት አገር እያንዳንዱ ሰው የሚሸፍነው ሌላ ሰው አለው።

ግቢው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ወንድምአገኝ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶና ክራቫቱን አስሮ፣ ከሁሉ ቀድሞ ተቀበላት።

«አዳልጧቸው ነው፣ ኢንስፔክተር» አላት። «በማለዳ ባንዲራውን ሊሰቅሉ መጡ፤ ሰቀሉት። ሲመለሱ አመዳዩ አንሸራተታቸውና ከሲሚንቶው መደብ ጋር ተላተሙ። ያው እንደሚያዩት ነው።»

እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። አዲሱ ባንዲራ ለሐዘን እንደሚደረገው ዝቅ ብሎ ከምሰሶው አጋማሽ ላይ ተሰቅሏል።

«ማን ነካቸው?»

«ማንም። ወዳጆም ከሩቅ አይቶ ነው የሮጠው።»

ጌታነሽ ሕዝቡን ከበር አስቀርታ ወደ ምሰሶው ሄደች። የመደቡ ጠርዝ ላይ ደም አለ፤ በደሙ ላይ ደግሞ አመዳይ። ባሻ ግን መደቡ አጠገብ አልነበሩም። ወደ በሩ አቅጣጫ ጥቂት ርቀው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ነው የተደፉት። ጥፍራቸው ውስጥ አፈር ገብቷል። የአሮጌው ካፖርታቸው ጀርባ ነጭ ሆኗል። ወዳጆን ጠርታ ቀስ ብለው በጎን ሲያነሷቸው ከሥራቸው የነበረው ሣር አረንጓዴ ነበር፤ የአመዳይ ምልክት የለበትም።

ቀና ብላ ባንዲራውን አየች። ከገደሉ የሚነሣው ነፋስ የሰዉን ጋቢ ያርገበግባል። ባንዲራው ግን እንደ ደረቀ ቆዳ ቀጥ ብሎ ቀርቷል።

«አውርደው» አለችው ወዳጆን።

ወዳጆ ገመዱን ይዞ ወደ ላይ ሊስብ ሲል እጁን ያዘችው።

«ወደ ላይ አይደለም። ወደ ታች።»

«ባሻ ያስተማሩን እንዲህ ነው፣ እመቤቴ። ለሐዘን የተሰቀለ ባንዲራ ሲወርድም መጀመሪያ ጫፍ ደርሶ ነው። ዝም ብሎ ቢወርድ ነውር ነው።»

«ለዛሬ ነውሩ በእኔ ይሁን።»

ወዳጆ ፊቱን ወደ ሬሳው ላለማዞር እየታገለ አወረደው። ጌታነሽ መሬት ሳያስነካ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ጨርቁ ደርቋል፤ ሲታጠፍ ይንኮሻኮሻል፤ ከእጥፋቱ ውስጥ አመዳይ እየረገፈ እጅጌዋ ላይ ወደቀ። በአረንጓዴው በኩል፣ ላይኛው ጥግ ላይ፣ ጥቁር ነገር ተለቅልቋል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ግራሶ ነው፣ እመቤቴ» አለ ወዳጆ። «ትናንት ልምምዱ ካለቀ በኋላ ባሻ "የገመዱ መዘውር በሐዘን ቀን አይጩህብን" ብለው አስቀቡኝ። መሰላል አስደግፌ ጫፍ ላይ ለቀለቅሁት። ሳላበዛው አልቀረሁም፤ ወደ ገመዱም ወርዷል።»

«ባንዲራው በልምምዱ ላይ ወጥቶ ነበር?»

«ኧረ የለም! ይሄ አዲሱ ነው። ባሻ ከነሽፋኑ ከብብታቸው አይለዩትም ነበር። ልምምዱ በአሮጌው ነው።»

ጌታነሽ ጣቶቿን ተመለከተች። ገመዱን በመንካቷ ብቻ ጠቁረዋል። በመሐረቧ ጠረገቻቸው፤ አልለቀቀም።

ባሻ ወልደ ጻድቅ የቀድሞው ሠራዊት ሰው ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን አንድ ካፖርትና አንድ ከዘራ ይዘው ወደ አባታቸው የገብስ ማሳ ተመለሱ። ለዓመታት ማንም ለምንም ጠርቷቸው አያውቅም። ይህ በዓል ሲታሰብ ግን የባንዲራን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ጠፋና ባሻ ታወሱ። ሳምንቱን ሙሉ ብርዱን ሳይሉ ሰልፈኞቹን አለማመዱ። ባንዲራ መሬት አይነካም፤ ፀሐይ ሳትወጣ አይሰቀልም፤ ከጠለቀችም አያድርም። ለሐዘን ሲሰቀል ጫፍ ይደርስና ክብሩን ያገኛል፤ ለሟች ዝቅ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። «መሃል ላይ የቆመ ባንዲራ የደከመው እንጂ ያዘነ አይደለም» ይሉ ነበር።

እኚህ ሰው ትናንት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ጌታነሽ ያረፈችበት አልጋ ቤት በር ላይ ቆመው ጠርተዋት ነበር።

«ልጄ፣ የማይገባው እጅ ነገ ባንዲራ ሊይዝ ነው። ላማክርሽ ብዬ ነበር።»

ጌታነሽ ከመንገድ ገና መግባቷ ነበር፤ ደክሟታል። «ባሻ፣ ነገ በጠዋት ብንነጋገርስ?» አለቻቸው።

«ነገማ ይወጣል ባንዲራው» አሉ። ከዚያ «በይ ደህና እደሪ» ብለው ሄዱ።

ይህ ነገር አሁን ደረቷ ላይ ተቀምጧል። ለማንም አልተናገረችም። በግቢው አዳራሽ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ወንበር ስባ፣ መጀመሪያ ወዳጆን አስገባች።

«ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ የት ነበርክ?»

«እዚሁ… ጥበቃዬ ላይ።»

ወዳጆ የለበሰውን የበግ ጠጉር ባና ጠርዝ ያፍተለትል ጀመር።

«አልነበርኩም» አለ በመጨረሻ። «ብርዱ አንገበገበኝ። ባሻ ምሰሶው ሥር ቆመው ነበር። "ሂድና ትንሽ ሞቅ ብሎህ ና፣ እኔ እዚህ ሰው እጠብቃለሁ" አሉኝ። ወደ ጠላ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ጨልሟል። የሄዱ መስሎኝ ዘበኛ ቤት ገብቼ ባናዬን ተከናንቤ ተኛሁ። ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም። አንድ ጊዜ ዞር ብል ኖሮ…»

«ማንን እንደሚጠብቁ አልነገሩህም?»

«አልጠየቅኋቸውም፣ እመቤቴ። ልቤ ጠላው ላይ ነበር።»

ቀጥሎ አቶ ወንድምአገኝ ገባ። ከመቀመጡ በፊት መናገር ጀመረ።

«ተጣልተዋል ይሉዎት ይሆናል። ተጣልተናል፤ አልክድም። እኔ እንግዶች ሲመጡ ባንዲራው ከፍ ብሎ ይቆያቸው አልኩ። እሳቸው ለሟች ዝቅ ይላል አሉ። ሰው በተሰበሰበበት "የደርግ ወታደር ሊያስተምረን ነው" ብዬ ተናግሬያቸዋለሁ። አንድ ቃል አልመለሱልኝም። ምነው በሰደቡኝ!»

«ትናንት አመሻሽ ላይስ?»

«ቢሮ ሆኜ የዛሬውን ንግግር ሳዘጋጅ ነበር። ብቻዬን።»

«ባንዲራን ለሐዘን እንዴት ነው የሚሰቅሉት?»

ጥያቄው አስገረመው። «ምን ይከብዳል? ሳብ አድርጎ መሃል ላይ ማሰር ነው።»

መምህር አፈወርቅ የተማሪዎቹን መዝሙር የሚመራ፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ከልምምዱ በኋላ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እስኪጨልም ስንዘምር ነበር። ከዚያም እያንዳንዳቸውን ለወላጆቻቸው አስረከብኩ። ጠዋት ግን ቤቴ ብቻዬን ነበርኩ፤ ምስክር የለኝም» አለ። «ባሻ ልሄድ ስል "አፈወርቅ፣ ዛሬ አብረኸኝ ብታመሽ" ብለውኝ ነበር። ተማሪዎች ይጠብቁኛል ብዬ ሄድኩ።»

«በልምምዱ ላይ የተለየ ነገር አስተውለዋል?»

«የታጠፈውን ባንዲራ ለወላጅ ማስረከብ ስንለማመድ ባሻ በጣም ተቆጡ። አንዱ ሰልፈኛ "ከሬሳው ጋር አብሮ አይቀበርም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። "ባንዲራ ሬሳ ይሸፍናል እንጂ አፈር አይገባም። ከመቃብሩ አፍ ይነሣል፣ ይታጠፋል፣ ለወላጅ ይሰጣል። ይህን የማያውቅ ወታደር ወታደር አይደለም" አሉ። ፈንታም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማ ነበር።»

ፈንታ የዕለቱ ባንዲራ ያዥ ነው። ከግንባር በሕይወት ከተመለሱት ጥቂት የከተማዋ ልጆች አንዱ ሲሆን በአገሩ የተከበረ ነው፤ በየሠርጉ ከፊት ይቀመጣል። ሲገባ ለሰልፉ የተሰጠውን ነጭ ጓንት አጥልቆ ነበር።

«ማለዳ የት ነበርክ?»

«ኪዳን ላይ። እማማ አየለችን ደግፌ ቤተ ክርስቲያን ወስጄያቸው ነበር። ጩኸቱን የሰማነው እዚያ ሆነን ነው።»

«ትናንት አመሻሽስ?»

«ቤቴ ነበርኩ።»

«ባንዲራ ለሐዘን እንዴት ይሰቀላል?»

«ጫፍ ይደርሳል። ትንሽ ይቆያል። ከዚያ… ከዚያ ዝቅ ይላል።» የመጨረሻው ቃል በቅጡ አልተሰማም።

ጌታነሽ አመስግና አሰናበተችው። ስለ ጓንቱ ምንም አላለችም።

እማማ አየለችን ግን ወደ ክፍሉ አላስጠራቻቸውም፤ ራሷ ሄደች። አዳራሹ ውስጥ፣ የሟች ወላጆች በተደረደሩበት አግዳሚ ላይ፣ ንጹሕ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። አንድ ልጃቸው ማሙሽ ከጦር ሜዳ አልተመለሰም።

«ባሻን አወቅሻቸው፣ ልጄ?» አሏት። «ደግ ሰው ነበሩ። ትናንት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ማሙሽ ጠየቁኝ። እኔም ነገርኳቸው፤ ፈንታ እንዳጫወተኝ። ማሙሽ ተመቶ ፈንታ እጅ ላይ ነው ያረፈ። "እናቴን አደራ" ብሎ ነው ያረፈ። ፈንታም በባንዲራ ጠቅልሎ፣ በእጁ ቆፍሮ፣ ባንዲራውን እንዳለበሰው አፈር አገባው። እኔ በዚህ ነው የተጽናናሁ። ስንቱ አሞራ በበላው አገር የኔ ልጅ ባንዲራ ለብሶ ተኛ።»

«ባሻ ምን አሉ?»

«"ባንዲራው አብሮ ተቀበረ?" አሉኝ። "አዎ" አልኳቸው። ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ ነገርኳቸው። ከዚያ ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። ምነው፣ ልጄ? ያልሆነ ነገር ተናገርኩ እንዴ?»

ጌታነሽ መልስ ከመስጠቷ በፊት የእማማ አየለችን ግራ ትከሻ አየች። በነጭ ነጠላቸው ላይ የጣቶች ቅርጽ ያለው ጥቁር እድፍ አለ።

«ዛሬ ማን ደግፎዎት ነበር፣ እማማ?»

«ፈንታ ነዋ። በጨለማ መንገዱ አይታየኝም። እሱ ባይኖር ማን አለኝ?»

ነገሩ ከተገለጠ እኚህ ሴት የሚያጡት ብዙ ነው። ለአፍታ፣ «አዳልጧቸው ነው» የሚለው የአቶ ወንድምአገኝ ቃል መሸሸጊያ ሆኖ ታያት። ወዲያው ግን የባሻ አፈር የገባበት ጥፍር ትዝ አላት።

እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት አራቱን ወንዶች አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። ወላጆቹን እንዲወጡ ስትጠይቅ ሁሉም ተነሡ፤ እማማ አየለች ብቻ አልተንቀሳቀሱም።

«የባሻ ነገር ከሆነ እሰማለሁ» አሉ። ጌታነሽ አልተከራከረችም።

«ባሻ የሞቱት ዛሬ ማለዳ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ከሥራቸው ያለው ሣር አመዳይ አልነካውም፤ ጀርባቸው ግን ነጭ ነበር። አመዳዩ ሲወርድ እሳቸው ወድቀው ነበር ማለት ነው። ወዳጆም ሲጨልም ቆመው አላያቸውም።»

«ታዲያ ባንዲራውን ማን ሰቀለው?» አለ አቶ ወንድምአገኝ። «ማለዳ ካልሆነ…»

«ባንዲራውም ሌሊቱን ውጭ አድሯል። እንደ ቆዳ ደርቆ፣ እጥፋቱ ውስጥ አመዳይ ይዞ ነው ያወረድነው። ባሻ ደግሞ በጨለማ ባንዲራ አይሰቅሉም። ስለዚህ የሰቀለው ሌላ ሰው ነው። ማለዳ ሲሰቅሉ ወደቁ እንድንል ነው ያደረገው። ለማለዳው የት እንደነበረ የሚያስረዳ ሰው ደግሞ ከጥርጣሬ ይወጣ ነበር።»

መምህር አፈወርቅ ቀና አለ። «እኔ ለማለዳው ምስክር የለኝም።»

«ለአመሻሹ ግን የተማሪዎችዎ ወላጆች በሙሉ ምስክሮችዎ ናቸው። አንድ ሰው ከጥርጣሬ ወጣ ማለት ነው።» ወደ ወዳጆ ዞረች። «ወዳጆ ጠላ ቤት ነበር፤ የጠላ ቤቷ ባለቤት አረጋግጣለች። የቀሩት አቶ ወንድምአገኝና ፈንታ ናቸው።»

አቶ ወንድምአገኝ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ሰደብኳቸው እንጂ…»

«አውቃለሁ። ባንዲራው ነው ነፃ ያወጣዎት። ላይኛው ጥጉ ግራሶ ነክቶታል። ግራሶው የተቀባው ትናንት ከልምምዱ በኋላ፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ ነው። ባንዲራው አዲስ ነው፤ ከዚያ በፊት ወጥቶ አያውቅም። እንግዲህ የሰቀለው ሰው ማንም በማያየው ጨለማ ውስጥ መጀመሪያ ጫፍ አድርሶታል፤ ከዚያ ነው ዝቅ ያደረገው። ለማስመሰል ብቻ ቢሆን መሃል ላይ ማሰር ይበቃው ነበር፤ እርስዎም እንደዚያ ነው የነገሩኝ። ይህ ሰው ግን ሥርዓቱን ያውቃል። ማወቅ ብቻ አይደለም፤ ሊያጎድለው አልቻለም። የሰቀለው ሰው ለባሻ አዝኖ ነበር።»

ጌታነሽ ወደ አግዳሚው ቀረብ ብላ ቀጠለች።

«ባሻ ትናንት ወደ እኔ መጥተው "የማይገባው እጅ ባንዲራ ሊይዝ ነው" አሉኝ። እኔ ለነገ ቀጠርኳቸው። ሰምቻቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበሩ፤ ይህን ከእናንተ አልደብቅም። ከዚያ በፊት ከአንዲት እናት አንድ ታሪክ ሰምተዋል፤ ልጇ በባንዲራ ተጠቅልሎ፣ ባንዲራው አብሮት ተቀበረ የሚል። ባሻ ደጋግመው ጠየቁ። ባንዲራ አፈር እንደማይገባ ማንም ወታደር ያውቃል። ጦር ሜዳ ላይ ሥርዓት ይፈርሳል ሊባል ይችላል። እሳቸውም ይህን አስበው ይመስለኛል በሰው ፊት ያላዋረዱት። ለብቻው ጠሩት፤ ዘበኛውንም ለዚያ አራቁት።»

እማማ አየለች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ገመዱ ግራሶ ይዟል» አለች ጌታነሽ። «የያዘው እጅ ይጠቁራል፤ በቀላሉም አይለቅም። እኔም ይኸው። ያ እጅ ዛሬ ማለዳ፣ በጨለማ፣ የእማማ አየለችን ትከሻ ደግፏል። ፈንታ፣ ጓንትህን አውልቅ።»

ፈንታ ወደ እማማ አየለች ትከሻ አየ። እዚያ የጣቶቹን ቅርጽ ሲያይ አግዳሚው ጫፍ ላይ ዘፍ አለ። ጓንቶቹን አንድ በአንድ አወለቀ። የመዳፎቹ መስመሮች ጠቁረው ነበር።

«በአመድ አሸሁት» አለ። «በአሸዋ አሸሁት። እምቢ አለ።»

«ምን አሉህ ባሻ?»

«"የት ነው የቀበርከው?" አሉኝ። መለስኩ። "ባንዲራውን ከየት አገኘኸው?" አሉኝ። መለስኩ። አልተቆጡም፤ ቀስ እያሉ ነው የጠየቁኝ፤ እንደ አባት። መጨረሻ ላይ መልስ አጣሁ። አልቀበርኩትም። ቁስለኛ ሆኖ ነው ጥዬው የሸሸሁት።» እማማ አየለችን ማየት አልቻለም። «ባሻ "ነገ ባንዲራ አትይዝም። ዛሬውኑ ሄደህ ለእናቱ እውነቱን ንገራት። አንተ ካልቻልክ እኔ እነግራታለሁ" አሉኝ። ሊሄዱ ሲነሡ ካፖርታቸውን ያዝኩ። "ልቀቀኝ" አሉ። ገፋኋቸው። መግደል አላሰብኩም፤ እንዳይሄዱ ብቻ ነው የፈለግሁ።»

«ከወደቁ በኋላስ?»

«ጠሩኝ» አለ። «"ፈንታ" አሉ። ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር። ሮጥኩ። እሳቸው እየተጣሩ እኔ ሮጥኩ፤ እንደ ድሮው። ገደሉ ጋ ስደርስ ተመለስኩ። ስደርስ አልፈዋል። ባንዲራው ከነሽፋኑ መደቡ ላይ ነበር። በማለዳ ሊሰቅሉ መጥተው ወደቁ እንዲባል አሰብኩ። ገመዱን ስይዝ ግን… መሃል ላይ ላቆመው አልቻልኩም። ጫፍ አደረስኩት። ሰላምታ ሰጠሁ። እያለቀስኩ አወረድኩት።»

ወዳጆ ፊቱን በባናው ሸፈነ። መምህር አፈወርቅ ግድግዳውን ያይ ነበር። ከእነሱ መሃል ትናንት ለሽማግሌው አንድ ነገር ያልነፈገ ማንም አልነበረም፤ አንዱ ጊዜውን፣ አንዱ ዓይኑን፣ አንዱ አክብሮቱን።

እማማ አየለች ተነሡ። ወደ ፈንታ ቀረቡና ከፊቱ ቆሙ።

«ማሙሽም ጠርቶህ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«"እናቴን አደራ" ያለው ውሸት ነው?»

«ያን እኔ ነኝ ያልኩ። እሱ "ፈንታ፣ አትተወኝ" ነው ያለ።»

አሮጊቷ አልጮኹም። «ያልሞተውን ሞት ሳለቅስለት ኖርኩ እንዲያ ከሆነ» አሉ። ከዚያም ለማንም ሳይሰናበቱ ወጥተው ሄዱ። ደጅ የቆሙት ወላጆችና የሰፈር ሴቶች ፊታቸውን አይተው አንድ በአንድ ተከተሏቸው።

የእንግዶቹ መኪናዎች በዳገቱ ላይ ሲያጓሩ ይሰማ ጀመር። ግቢው ውስጥ የተደረደሩት ወንበሮች ባዶ ናቸው።

«ምን ልበላቸው?» አለ አቶ ወንድምአገኝ።

«የሆነውን ይንገሯቸው» አለች ጌታነሽ።

ፈንታ ካቴና ገብቶለት፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ የፖሊሱ መኪና የመሐል ሜዳን መንገድ ያዘ። ከከተማው መውጫ ላይ ግን መንገዱ በሰው ተዘግቶ ነበር። የእማማ አየለች ደጅ ላይ ዳስ እየተጣለ ነው። ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው ሙሾ ለማውረድ ተቀምጠዋል፤ ድምፅ ግን አይሰማም። አልቃሿ ለቅሶውን ከየት እንደምትጀምር የምታውቀው ነገር የላትም።

እማማ አየለች መኪናውን ሲያዩ ከዳሱ ወጥተው ወደ መስኮቱ መጡ።

«ኢንስፔክተር» አሉ። «ልጄን ስንት ቦታ እንደተመታ፣ መሬቱ ምን እንደሚመስል፣ ውሃ ጠምቶት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይሄ ብቻ ነው። ወስደሽው ሳትሄጂ ይንገረኝ። በሰው ፊት ይንገረኝ። ከዚያ የመንግሥት ነው።»

ሾፌሩ ጌታነሽን አየ። ደንቡ አይፈቅድም። ጌታነሽ ወደ ኋላ ዞረች። ፈንታ ወደ ወንበሩ ጥግ ተሸጉጦ ነበር።

«አልችልም» አላት በሹክሹክታ። «ኢንስፔክተር፣ ባክሽ። አልችልም። ወህኒ አስገቢኝ።»

ጌታነሽ ወርዳ የኋላውን በር ከፈተችለት።

ዳሱ ውስጥ መንገድ ለቀቁለት። ማንም አልነካው፣ ማንም አልሰደበው። እማማ አየለች ከአጠገባቸው ቦታ አሳዩት። የታሰሩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ማንም አላጣደፈውም።

«ጎህ ሊቀድ ሲል ነበር» አለ በመጨረሻ። «ማሙሽ ከፊቴ ነበር…»

ጌታነሽ በዳሱ መግቢያ ላይ ቆማ ቆቧን አወለቀችና መስማት ጀመረች።